የቡፋሎው ማፊያ ሞቷል ወይስ ሐሚልተን ነው ያለው? ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የኤፍቢአይ ቡፋሎ ቢሮ፣ አርሲኤምፒ (የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ)፣ የኦንታሪዮ ፖሊስ (ኦፒፒ) እና የሐሚልተን ከተማ ፖሊስ
ግልባጭ፦ ቶሮንቶ፣ ሐሚልተን፣ ናያግራና ቡፋሎ ለምንኖር ሐበሾች በሙሉ
ጉዳዩ፦ ስለ አሮጌው የማጋዲኖ ቤተሰብ ግልጽ መልስ ስለመጠየቅ

ሰላም ለሁላችሁም። ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። እኔ ትራክ ሹፌር ነኝ፣ ከሐሚልተን ተነስቼ በኪውኢደብልዩ ሃይዌይ ፎርት ኢሪ እደርስና ፒስ ብሪጅን ተሻግሬ ቡፋሎ ሎድ አወርዳለሁ፣ ቦርደሩ ላይ ሰልፍ ከሌለ መንገዱ ትንሽ ነው፣ እና ይቺን አጭር መንገድ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲመላለስባት የኖረ አንድ የወንጀል ቤተሰብ አለ፣ የማጋዲኖ ቤተሰብ ወይም የቡፋሎ ቤተሰብ የሚባለው። ይሄ ቤተሰብ አሁን አለ ወይስ የለም? ወንዙ ማዶ ያላችሁት የለም አልቆለታል ስትሉ ከረማችሁ፣ ወንዙ ወዲህ ያላችሁት ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ ምክትል አለቃ የኛ ከተማ ሰው ነው የሚል ማስረጃ ለፍርድ ቤት አቀረባችሁ። ሁለቱ አብረው እንዴት ይሄዳሉ? እዚህ የምንኖር ሰዎች መልሱን የማወቅ መብት አለን።

ታሪኩን ለማያውቅ ወገኔ በአጭሩ ልበል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ስቴፋኖ ማጋዲኖ የሚባል ሰው በ1891 ሲሲሊ ውስጥ ካስቴላማሬ ዴል ጎልፎ የምትባል ከተማ ተወለደ፣ አሜሪካ መጣ፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ እስከሞተበት 1974 ድረስ ቡፋሎንና ናያግራ ፎልስን ይዞ ኖረ። በይፋ ስራው ቀብር ማስፈጸም ነበር፣ ናያግራ ፎልስ ውስጥ የቤተሰቡ የሬሳ ማሰናጃ ቤት ነበረው። ሀብቱ የተጀመረው ግን በመጠጥ ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 አልኮል ስትከለክል ኦንታሪዮ ውስጥ ደግሞ ለውጭ ገበያ ተብሎ መጥመቅ ይቻል ነበር፣ ስለዚህ ዊስኪው እዚህ ይጠመቃል፣ በጀልባ ወንዙንና ሐይቁን ይሻገራል፣ እዛ ይሸጣል። ሐሚልተን ላይ ንግዱን የያዘው ሮኮ ፔሪ የሚባል ሰው ነበር፣ እሱም በ1944 በእግሩ ልዘዋወር ብሎ እንደወጣ ቀረ፣ እስካሁን ሬሳው አልተገኘም።

ይሄን የማነሳው ታሪክ ለማውራት ብዬ አይደለም። ይሄ ድርጅት መጀመሪያ አሜሪካዊ ሆኖ በኋላ ካናዳ የገባ አይደለም። ሲወለድ ጀምሮ ገንዘቡ የሚመጣው ከድንበሩ ራሱ ነው፣ አንድ እግሩ እዚህ አንዱ እዛ። አሜሪካ ያለው ኤፍቢአይ ግማሹን ያያል፣ ካናዳ ያለው ፖሊስ ግማሹን ያያል፣ ሁለቱም ያዩትን ግማሽ ሙሉ አድርገው ያወራሉ። ሳሎኑን ብቻ አይቶ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ እንደመሄድ ነው፣ ጓዳው ወዲህ ማዶ ነዋ!

ቡፋሎ በኩል ለምን እንደደከመ አውቃለሁ፣ አልክድም። በ1968 ኤፍቢአይ የማጋዲኖን ልጅ ቤት ሲፈትሽ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጥሬ ገንዘብ አገኘ። ያኔ ሽማግሌው ለገዛ ሰዎቹ ለገና የሚሰጠው ጉርሻ የለኝም፣ ገንዘብ ተቸግሬያለሁ ብሎ ነበር። ሰዎቹ ይሄን ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት፣ ቤተሰቡ ከዛ በኋላ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ እንደድሮውም አልሆነም። ከዛ በ1970 ሪኮ የሚባለው ሕግ ወጣ፣ አለቃውን ራሱ ባልነካው ወንጀል ጭምር በድርጅቱ በኩል የሚይዝ ሕግ ነው። የቡፋሎ የቀን ሰራተኞች ማህበርም ከማፊያ ጋር ባለው ንክኪ የተነሳ በ1990ዎቹ በሞግዚት ስር ገባ፣ ትልቁ የገቢ ምንጫቸው በዛው ተዘጋ። ፋብሪካዎቹም ተዘጉ፣ ከተማዋም ደኸየች። እና በ2017 መጀመሪያ ላይ የቡፋሎ ጋዜጣ ጡረታ የወጡ መርማሪዎችን አነጋግሮ ማፊያው እዚህ ሞቷል ማለት ይቻላል ብሎ ሲጽፍ አልገረመኝም፣ ለቡፋሎ ብቻ ከታየ ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ነበራቸው።

ግን ያኔ ሐሚልተን ውስጥ ምን እየተካሄደ ነበር? ጆኒ ፓፓሊያ የሚባለው የቡፋሎ ወኪል፣ በሄሮይን ጉዳይ አሜሪካ ታስሮ በ1968 ተፈቶ የመጣው ሰውዬ፣ ሬይልዌይ ስትሪት ላይ ከነበረው የመሸጫ ማሽኖች ድርጅቱ በር ላይ ሜይ 31 ቀን 1997 ጭንቅላቱን ተመቶ ሞተ። ገዳዩ የተከፈለው ሁለት ሺህ ዶላርና ትንሽ ኮኬይን ነው። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ደግሞ በኦንታሪዮው ናያግራ ፎልስ የነበረው የፓፓሊያ ሰው ካርመን ባሪላሮ ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ከዛ ሁሉም በቃ ከቡፋሎ ጋር የነበረው ገመድ ተበጠሰ አለ። ግን ሐሚልተን ውስጥ ከፓፓሊያ ሌላ የሉፒኖ ቤተሰብ አለ፣ አባትየው ጃኮሞ ሉፒኖ ከደቡብ ጣልያኗ ካላብሪያ የመጣ፣ ለማጋዲኖ በኦንታሪዮ እጅና አይን የነበረ ሰው፣ በ1987 በእርጅና ሞተ። ልጁን ያገባው ሞንትሪያል ላይ ትልቅ ሰው የነበረው ፓኦሎ ቪዮሊ ነው። ቪዮሊ በ1978 ሞንትሪያል ሲገደል ልጆቹ ሐሚልተን እናታቸው ወገን ጋ መጥተው አደጉ። ነገሩ ወዲህ ነው እንግዲህ።

በኖቬምበር 2017 ኦትሬመንስ የሚባለው የአርሲኤምፒና የኤፍቢአይ የጋራ ዘመቻ ፈነዳ። ለፖሊስ የሚሰራ አንድ ሰው ከኒውዮርኩ የቦናኖ ቤተሰብ ገብቶ፣ በ2015 ካናዳ ውስጥ በተደረገ ስነስርዓት አባል ተደርጎ ተሾመ፣ ስነስርዓቱ ሲካሄድ በድብቅ ተቀርጿል። አስቡት፣ የኒውዮርክ ቤተሰብ አባሉን የሚሾመው ካናዳ መጥቶ ነው፣ ድንበር የሚባለው ነገር እነሱ ጋ የለም። የቪዮሊ ልጆች ዶሜኒኮና ጁሴፔ በዚህ ዘመቻ ተያዙ፣ ጁሴፔ በኮኬይንና በፌንታኒል ጉዳይ 16 ዓመት፣ ዶሜኒኮ በአደንዛዥ እጽ 8 ዓመት ተፈረደባቸው። ለፍርድ ቤቱ በቀረበው ማስረጃ ውስጥ ደግሞ ዋናው ነገር አለ፣ ዶሜኒኮ ቪዮሊ በዛው ዓመት የቡፋሎ ቤተሰብ አንደርቦስ፣ ማለትም ምክትል አለቃ ሆኖ መሾሙን ለዛ ሰው ሲነግረው ተቀድቷል። አንድ ካናዳዊ በአሜሪካ የማፊያ ቤተሰብ ውስጥ ይሄን ቦታ ሲይዝ የመጀመሪያው ነው ተብሏል። በዛው ዓመት፣ ሞቷል ተብሎ በተጻፈበት ዓመት!

እሺ አንዳንድ ሰው ሹመቱ ባዶ ማዕረግ ነው፣ ሽማግሌዎች የድሮ ስም ይዘው ይጫወታሉ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቴን ላስረዳ። በዚህ ንግድ ውስጥ ፍርድ ቤት የለም። አንዱ እቃ በዱቤ ወስዶ ገንዘቡን ቢበላ የሚከሰስበት ቦታ የለም፣ ቼክ የለም፣ ውል የለም፣ ስለዚህ ዋስትናው ስም ነው። የቡፋሎ ምክትል ነኝ የሚል ሰው ኒውዮርክ ሲሄድ በሩ ይከፈትለታል፣ ሞንትሪያል ላይ ጸብ ቢነሳ የሚዳኘው ሰው ያገኛል፣ ከደላላው እቃ ሲቀበል ቀብድ አይጠየቅም። ቡፋሎ ውስጥ አንድም ቁማር ቤት ባይኖራቸው፣ አንድም ወታደር (ተራ አባል ማለት ነው) ባይቀጥሩ፣ ስሙ ብቻ ሐሚልተን ላይ ላለው ሰው ካፒታል ነው። ለዚህ ነው አባላቱን ቆጥራችሁ ጥቂት ሽማግሌዎች ቀርተዋል ስትሉ የማይዋጥልኝ። የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ስሙን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣው ሁሉ ነው፣ እሱ ደግሞ በሁለቱም አገር አለ።

የስሙ ዋጋ ስንት እንደሆነ ደግሞ ከተማችን አይታዋለች። ማርች 2017 ቮን ከተማ ላይ አንዲት የ28 ዓመት ወጣት መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ጓደኛዋን ስትጠብቅ በጠራራ ጸሐይ ተተኩሶ ተገደለች፣ የሚፈለገው ሌላ ሰው ነበር። ሜይ 2 ላይ የሌላው የሐሚልተን ማፊያ ቤተሰብ ልጅ አንጀሎ ሙሲታኖ ዋተርዳውን ውስጥ ከቤቱ ደጃፍ መኪናው ውስጥ እንዳለ ተገደለ፣ ፖሊስ ሁለቱን ግድያዎች አያይዟቸዋል። በሴፕቴምበር 2018 አንካስተር ላይ አንድ የቤት ሽያጭ ኤጀንት ቤቱ ፊት ተገደለ። በጃንዋሪ 2019 ከሉፒኖ ቤተሰብ አንዱ ቤቱ ላይ ተገደለ። በጁላይ 2020 ደግሞ ወንድምየው ፓት ሙሲታኖ፣ ከዛ በፊት ባለው ዓመት ተተኩሶበት የተረፈው፣ በርሊንግተን የገበያ ቦታ መኪና ማቆሚያ ላይ በቀን ተገደለ። ሁሉንም የገደለው የቡፋሎ ቤተሰብ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሙሲታኖዎቹ እንደውም ፓፓሊያን ያስገደለው ወገን ናቸው ተብሎ ነው የሚታመነው። ግን ሙሲታኖና ሉፒኖ በዛው የድሮ ካርታ ላይ ያሉ ስሞች ናቸው፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ቂም አሁንም ደም ያስፈስሳል ማለት ቤተሰቦቹ አሁንም የሚጣሉበት ነገር አላቸው ማለት ነው፣ በሞተ ድርጅት ላይ ማን ይጣላል?

አሁን ወደ ክሶቹ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው በጣም የምናደደው። በጁላይ 2019 ከቶሮንቶ ጎን ያለው የዮርክ ክልል ፖሊስ ሲንዳካቶ በሚባል ዘመቻ ንድራንጌታ በሚባለው የካላብሪያ ማፊያ ተጠርጣሪዎች ላይ 27 ቤትና ፌራሪዎችን ጨምሮ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ያዘ፣ በቲቪ አየን፣ ደስ አለን። በጃንዋሪ 2021 ግን ዋናው ክስ ተቋረጠ፣ ምክንያቱም ፖሊስ ተጠርጣሪዎች ከጠበቃቸው ጋር የሚያወሩትን ስልክ አድምጧል ተባለ። ጠበቃና ደንበኛ የሚያወሩት ምስጢር ነው፣ ይሄን አንድ ጀማሪ የሕግ ተማሪ ያውቀዋል፣ እና የሕጉ ጥበቃ ለኔም ስለሚጠቅመኝ ይሰረዝ አልልም፣ ግን የስንት ሰው ድካም በዚህ መበላሸቱ ያንገበግባል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2016 በሰጠው የጆርዳን ውሳኔ ከባድ ክስ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር በ30 ወር ካላለቀ ይቋረጣል። ሰነዱ በትልቅ መኪና የሚጫን የማፊያ ጉዳይ፣ ምስክሩ አሜሪካ፣ ቅጂው ጣልያንኛ፣ በ30 ወር እንዴት ያልቃል? በቂ አቃቤ ሕግና ዳኛ ካልመደባችሁ ክሱን ስትከፍቱት ጀምሮ መጨረሻው የታወቀ ነው።

ቡፋሎ በኩልም ንጹህ አይደለም። የአሜሪካው የአደንዛዥ እጽ መስሪያ ቤት፣ ዲኢኤ፣ የቡፋሎ ወኪል የነበረው ጆሴፍ ቦንጆቫኒ በ2019 ተከሶ በ2024 በተለያዩ ክሶች ጥፋተኛ ተብሏል። አቃቤ ሕግ ያለው ጓደኞቹንና ከጣልያን ማፊያ ጋር ንክኪ አላቸው ብሎ ያሰባቸውን ሰዎች ከምርመራ ሲከላከል ነበር ነው። ከክሶቹ ያልጸኑበትም አሉ፣ ያንንም መናገር ተገቢ ነው። ግን ከውስጥ ሆኖ ምርመራ የሚያደናቅፍ ሰው ለዓመታት ተቀምጦ በነበረበት ከተማ ምንም አላገኘንም የሚለውን መልስ እኛ በምን ልናምነው እንችላለን?

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልበል። ሐሚልተን ውስጥ ከራካልሙቶና ከሌላም የጣልያን መንደር መጥተው በብረት ፋብሪካ ወገባቸው የጎበጠ፣ ልጅ ያስተማሩ፣ አትክልት ተክለው የሚኖሩ በአስር ሺዎች አሉ። ጎረቤቴ አንዱ ናቸው፣ አባባ ብዬ ነው የምጠራቸው። በነሱ ስም ማፊያ ማፊያ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያመኛል፣ ምክንያቱም እኛም ስንት ጊዜ በጥቂት ሰው ጥፋት በጅምላ ተሰድበናል። በሊቢያ በረሃ ወገኖቻችንን ሲያግቱና ሲያስገርፉ የነበሩት እነ ኪዳኔና ዋሊድ ከኛው አካባቢ የወጡ ሰዎች ናቸው፣ ኪዳኔ በ2020 አዲስ አበባ ተይዞ በ2021 ከፍርድ ቤት አመለጠ፣ በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ላይ የተያዘው ኢንተርፖልና የተለያዩ አገሮች አብረው ስለሰሩ ነው። ዋሊድ ደግሞ በ2022 ከኢትዮጵያ ለኔዘርላንድ ተላልፎ ተሰጠ። ድንበር የሚሻገር ወንጀለኛ እንዴት እንደሚያመልጥና እንዴት እንደሚያዝ የኛ ህዝብ በደሙ ያውቀዋል፣ አንዱ አገር ብቻውን ሲሯሯጥ አይሆንም።

ይሄ ጉዳይ ሐበሻን ምን አገባው ለሚለኝ ሰው፣ እስቲ ስማኝ ወንድሜ። ስንቶቻችን ነን በትራክ የምንተዳደር? በ2025 የፒል ፖሊስ ከአሜሪካ በትራክ የገባ ወደ 480 ኪሎ የሚጠጋ ኮኬይን ያዝኩ ሲል ከታሰሩት መሀል ከትራክ ስራ ጋር የተያያዙ ሰዎች ነበሩ። ያ ጉዳይ የቡፋሎ ቤተሰብ ነው አላልኩም፣ መንገዱ ግን ያው ቦርደር ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ትራክ ማቆሚያ ላይ ቡና እየጠጣ ሳለ አንድ ሰው በጨዋ አነጋገር መጥቶ የትራክህ ኢንስታልመንት ስንት ቀረህ አለው። በቃ በዚህ ነው የሚጀምሩት፣ ስለ እቃ አያወሩም፣ ስለ እዳህ ነው የሚጠይቁህ። ልጁ ብልህ ነው፣ ቡናውን ጥሎ ሄደ፣ ግን ለማንም አልተናገረም፣ ብናገር እኔን ነው የሚጠረጥሩኝ፣ የቦርደር ካርዴን ይቀሙኛል ብሎ ፈራ። አልፈርድበትም።

ሌላው ቤቲንግ ነው። ኦንታሪዮ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ የኦንላይን ቁማር በሕግ ከፍታለች፣ ሰው ታዲያ ሕጋዊው እያለ ለምን ወደ ሌላው ይሄዳል ትሉ ይሆናል። ሕጋዊው ካርድህ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያስቆምርህ። ሰፈር ውስጥ ያለው አቋማሪ ግን ዌብሳይት ላይ ፓስወርድ ሰጥቶህ በዱቤ ያስቆምርሃል፣ ሂሳብ በሳምንቱ መጨረሻ ይዘጋል፣ ከሌለህ ያበድርሃል፣ ወለዱ በሳምንት ነው። በኛ አገር ስሙ አራጣ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የኛ ልጆች ፕሪሚየር ሊግ እያሉ በዚህ ገብተው የእቁብ ገንዘብ ያስበሉ፣ እናታቸው ለቤት ብላ ያጠራቀመችውን ያወጡ አሉ። ገንዘቡን የሚሰበስበው ልጅ ትንሽ ሰው ነው፣ ከላዩ ሌላ አለ፣ ከሱም በላይ ሌላ፣ ከላይ ያለው የማን ስም እንደሆነ የሚሰበስበውም አያውቅም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ጣልያን ዲያ የሚባል የጸረ ማፊያ መርማሪ ተቋም አላት፣ በየጊዜው ለፓርላማው ሪፖርት ያቀርባል፣ ሪፖርቱ ለህዝብ ክፍት ነው፣ የትኛው ቤተሰብ የትኛው ከተማ ውስጥ በምን ስራ ላይ እንዳለ በስም በቦታ ይጽፋል። ሰው ያነበዋል፣ ነጋዴው ያነበዋል፣ ባንኩ ያነበዋል። የኛዎቹ የካናዳ ሪፖርቶች ግን በመቶ የሚቆጠሩ ቡድኖች አሉ ብለው ቁጥር ይሰጡና ስማቸውን ያልፉታል። ቡፋሎና ሐሚልተንን አንድ ላይ የሚያይ፣ ኤፍቢአይና አርሲኤምፒ ሁለቱም የፈረሙበት፣ በፍርድ ቤት የተረጋገጠውን ከተጠርጣሪው ለይቶ የሚያስቀምጥ ሪፖርት አውጡልን። የስም ማጥፋት እንዳይሆን የተፈረደበትን ተፈርዶበታል፣ ያልተፈረደበትን አልተፈረደበትም በሉ፣ ይሄ ከባድ አይደለም። ቤተሰቡ በእርግጥ አልቆ ከሆነም መቼና እንዴት እንዳለቀ ጻፉት፣ ደስ ብሎን እንቀበላለን። በ2017 የተሾመው ማዕረግ ከቪዮሊ እስር በኋላ ወደ ማን እንደሄደ ወይም እንደተዘጋ ግን ሳትነግሩን አልቋል አትበሉን።

ከዛ ደግሞ ለትራክ ሹፌር በር ክፈቱ። አንድ ሰው መጥቶ እቃ አሳልፍልኝ አለኝ ብሎ የሚያመለክት ሹፌር እሱ ራሱ ተጠርጣሪ እንደማይሆን፣ የቦርደር ካርዱ እንደማይታገድ በጽሁፍ ቃል ግቡ። ስልክ ስትሰጡንም በአማርኛና በትግርኛ የሚያናግር ሰው ይኑርበት፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ሰው በፍርሃት ሰዓት እንዴት አድርጎ ያስረዳል?

ወገኖቼ፣ ለናንተም አንድ ነገር። ዝም አይነቅዝም ብለን አድገናል፣ አውቃለሁ፣ ፖሊስ የሚባል ነገር ካገር ቤት ጀምሮ አያጽናናንም። ክራይም ስቶፐርስ ግን ስም አይጠይቅም፣ የሚደወልበትን ቁጥርም አያይም፣ ልጁ በአራጣ የተያዘ ቤተሰብ ቢያንስ እዛ ይደውል። ቤተክርስቲያንና መስጊድ ውስጥ ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ የኮሚኒቲ ማህበር የምትመሩ ጋሼዎችና እትዬዎች፣ ስለ ቤቲንግ አንድ እሁድ ወይም አንድ ጁምዓ ስጡ፣ ልጆቹን አትስደቧቸው፣ እዳቸው ስንት እንደሆነ ብቻ ጠይቋቸው፣ አበዳሪው ቀድሞ እየጠየቃቸው ስለሆነ።

ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አስገልብጬ ለአራቱም ቢሮዎች እልካለሁ። መልስ የምጠብቀው በግል ኢሜይል አይደለም፣ ሁሉም ሰው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ፣ ከሁለቱም አገር አንድ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሐሚልተን ነዋሪ፣ ትራክ ሹፌርና የሁለት ልጆች አባት